ሆድ ያወጣው ግንብ

አባቴን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ለሰፈሩም፣ ለድሮ የሥራ ባልደረቦቹም፣ ሲከፋት ለእናቴም ጭምር "ቱምቢ" ነው። ቱምቢ ግንበኞች በክር ጫፍ የሚያንጠለጥሏት፣ አፍንጫዋ የሾለ ብረት ናት፤ ግንብ ቀጥ ማለቱንና ማዘንበሉን የምትናገረው እሷ ናት። አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት ያቺን ክር ሲያንጠለጥል ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ መውጣቱን ግን ለቱምቢዋ የነገራት ያለ አይመስልም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን ራሱ አጥቦ ሲያበቃ ከጓሯችን ወዳለው ትልቅ ግንብ ይሄዳል። በጎን ባለው ደረጃ ሰባት ሜትር ይወጣና ግንቡ ከደገፈው መንገድ ጠርዝ ላይ አጎንብሶ፣ አንዲት የእንጨት ክንድ ወደ ውጭ አውጥቶ ክሩን ይለቃል። ከዚያ ወርዶ በመሰላል እስከ ግንቡ ወገብ ይወጣና በክሩና በግንቡ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ይለካል። አንዱን ቦታ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አሥራ ሁለት ቦታ ነው። የለካውን ጆሮው ላይ በሚሰካት እርሳስ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ይህን ያደረገው ለሠላሳ አንድ ዓመት ነው! "ሰው ሚስቱን እንኳ እንዲህ አተኩሮ አያይም" እያልኩ ስንቴ ቀልጄበታለሁ።

"እናትሽ አታዘነብልም" ይለኝ ነበር።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ቁጣዬም ቅርብ ነው። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ ስጮህ እንዳይገርማችሁ ነው። አባዬ "ሚሊ" ይለኛል፤ ስወለድ ከማነሴ የተነሳ "ይቺ ሚሊሜትር ናት እንጂ ልጅ አይደለችም" ብሎ ነው አሉ። በሰፈሩም የቀረሁት ሚሊ ሆኜ ነው።

ግንቡን ላላየው ሰው ከሩቅ የኮንክሪት ግድግዳ ይመስላል። ኮንክሪቱ ግን ፊቱ ብቻ ነው፤ ያውም ስስ ፊት። ግንቡን ያቆመው ከኋላው ያለው አፈር ራሱ ነው። ሲሠራ ጠጠራማ አፈር በስሱ ይደፋና ይጠቀጠቃል፤ ከላዩ ጠንካራ የፕላስቲክ መረብ ተወጥሮ ይዘረጋል፤ የመረቡ ጫፍ ከኮንክሪቱ ጋር ይያያዛል። እንደገና አፈር፣ እንደገና መረብ፣ እስከ ላይ ድረስ። አፈሩ መረቡን ጨብጦ ይይዛል፣ መረቡ ፊቱን ይይዛል። ኮንክሪቱ ላይ ደግሞ በየሁለት ሜትሩ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ይተዋል፤ ከኋላ የሚሰርገው ውሃ በዚያ እንዲወጣ። አባዬ ስለ ሥራው ብዙ አያወራም። ስለዚህ ግንብ ግን አንድ ጊዜ "ተያይዘው ነው የቆሙት፤ አንዱ ከለቀቀ ሁሉም ይለቃል" ብሎኝ ያውቃል።

አፈሩን የጠቀጠቀው ጋሽ ሮሎ ነው። ሮሎ ያ የብረት ከበሮ ከፊቱ እየተንከባለለ መንገድ የሚደመድመው መኪና ነው፤ እሱ ደግሞ የዚያ ሹፌር ነበር። ከአባዬ ጋር አንድ ቀን ተቀጥረው አንድ ቀን ጡረታ ወጡ። ግራ ጆሮው ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ አይሰማም፤ ቀኝ ጆሮው ደግሞ ደስ ያለውን ብቻ ነው የሚሰማው። በሰፈሩ ያለፈ እንግዳ ሁሉ በእሱ እጅ ሳይወድቅ አይሄድም። ክንዱን ይዞ ወደ ግንቡ ያዞረውና "ይህን የጠቀጠቅሁት እኔ ነኝ!" ይለዋል፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ይሁን፣ ደብዳቤ የሚያድል ይሁን ግድ የለውም።

ግንቡ እንዳለቀ ከሥሩ ለሠራተኞች ቤት ተሠራ። አባዬና እማዬ አዲስ ተጋቢዎች ስለነበሩ ማንም ያልፈለገው፣ ለግንቡ እጅግ ቅርብ የሆነው ቤት ደረሳቸው። ከጓሮ በራችን እስከ ግንቡ አምስት እርምጃ ነው። እማዬ ልብስ አጣቢ ናት፤ የክሊኒኩን አንሶላና ነጭ ጋዋን ታጥባለች። ከእሷ እጅ የወጣ ነጭ ዓይን ይወጋል። በዚያ ጠባብ ግቢ ፀሐይ የሚያርፈው ግንቡ ሥር ብቻ ስለሆነ የልብስ ገመዷን የዘረጋችው እዚያው ነው። ከገመዱ ሥር ደግሞ፣ ግንቡ ላይ ካለች አንዲት ቀዳዳ የምትንጠባጠበውን ውሃ የሚቀበል ባልዲ ሁልጊዜ ይቀመጣል። እኛ ቤት "የእማዬ ምንጭ" ይባላል። በዚያ ውሃ በረንዳ ታጥባለች፤ አበባ ታጠጣለች። ልጅ ሆኜ ሁሉም ቤት ጓሮው ውስጥ የሚያነባ ግንብ ያለው ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው የዝናብ ወራት ሰማዩ ለሦስት ሳምንት አልተዘጋም። አንድ ቅዳሜ አባዬ ከመሰላሉ ወርዶ፣ ምንም ሳይጽፍ ደብተሩን ከደነው።

"ስንት ሆነ?" አልኩት።

"ስምንት ሚሊ።"

"ካለፈው ዓመት ወዲህ?"

"ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ።"

ከዚያ በኋላ ለማየት ቱምቢ አላስፈለገም። ግንቡ ከወገቡ ላይ ተነፍቶ ወደ እኛ ቤት መጣ። ግንበኞች ይህን "ሆድ አወጣ" ይሉታል። የእኛው ግንብ ግን ሁለት ሆድ ነው ያወጣው፤ አንዱ ከባልዲው በስተቀኝ፣ አንዱ በስተግራ። መሃሉ ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

መንግሥት ቤት አመለከትንና ኢንጂነሯ መጣች። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ ጫማዋ ግን ሁላችንንም የሚያስንቅ ጭቃ ጠግቧል። ከላይ ወጥታ፣ ከታች ወርዳ፣ ግንቡን በመዶሻ እያንኳኳች ጆሮዋን ደቅና ዋለች። ለመናገር ስስት የለባትም፤ እማዬ ባቀረበችላት በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንደ ሐኪም አስረዳችን።

"እንዲህ ያለ ግንብ ሆድ የሚያወጣበት ምክንያት ብዙ ነው" አለች። "ከኋላው ውሃ ተጠራቅሞ ከሆነ አፈሩ ይከብዳል፣ መረቡንም ጨብጦ መያዝ ያቅተዋል፤ ያሟልጨዋል። ሲሠራ ሸክላ አፈር ተደባልቆበት ከሆነም እንደዚያው። መረቡ ሳይወጠር ተዘርግቶ ሊሆን ይችላል፤ የላላ መረብ እስኪወጠር ድረስ ግንቡ ይሄዳል። ወይ ደግሞ ሮሎው በጣም ተጠግቶ፣ አፈሩን ወደ ታች በመጠቅጠቅ ፈንታ ፊቱን ወደ ውጭ ገፍቶታል።"

ከዚያ ባልዲውን አየችው። ጠብ… ጠብ ይላል። ዓይኗ ከባልዲው ወደ ቀዳዳዋ ሄደ።

"ውሃው መውጫ አለው ማለት ነው። ሌላ ቀዳዳ አለ፣ ጋሼ?"

አባዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ያው የምታዪው ነው፣ ልጄ" አለ።

ግንቡ የሚቀጥለው በጎረቤቶቻችን አጥር ውስጥ ስለሆነ ያን ቀን አልፋ አላየችም። ሌሎቹ ቀዳዳዎች በዚያ በኩል ያሉ መስሏት፣ ምክንያቱ ውሃ አይደለም ብላ ጻፈች። ቀጥላ ጋሽ ሮሎን አስጠራችው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እንደሚሸለም ሰው ደስ ብሎት መጣ።

"ለግንቡ ፊት አንድ ሜትር ተኩል ሲቀር እንዲያቆሙ ተብለው ነበር?" አለችው በቀኝ ጆሮው በኩል።

"ተብያለሁ!"

"ተጠግተዋል?"

ጋሽ ሮሎ ውሸት አያውቅበትም፤ ቢዋሽም ስለሚጮህ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። ዝቅ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ሁለቴ፣ ሦስቴ… ዝናብ እየመጣ ነበር። ቸኩለን ነበር።"

ኢንጂነሯ አልፈረደችበትም፤ ጻፈች ብቻ። ሪፖርቱን ማክሰኞ ይዛ እንደምትመጣ፣ እሱም የተናገረውን አንብቦ እንደሚፈርምበት ነገረችን። ጋሽ ሮሎ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ሻይ ይጠጣ ዘንድ እማዬ "አፈር ስሆን" ብትለው እንኳ አልሰማም፤ በቀኝ ጆሮው በኩል ነበር የቆመችው።

በማግሥቱ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መንገደኛ ያልፋል፤ እሱ ቀና አይልም።

"ሚሊዬ" አለኝ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ 'የጠቀጠቅሁት እኔ ነኝ' ስል ኖሬ አሁን 'ያጠመምኩት እኔ ነኝ' ልበል? አባትሽንስ በምን ዓይኔ አያለሁ? እሱ አንዲት ሚሊ የሚቆጭ ሰው ነው።"

ኮፍያውን አስተካክዬለት ወደ ቤት ሄድኩ።

አባዬን ወደ መንገዱ በሚወጣው ደረጃ መሃል ተቀምጦ አገኘሁት። ከቀትር በኋላ ነው። ቱምቢዋ ጉልበቱ ላይ ናት፤ ክሩን ጣቱ ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል። ጋሽ ሮሎ ያለኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፦

"ሮሎው አይደለም" አለ።

"ምኑ?"

"ግንቡን ሆድ ያስወጣው። እኔ ነኝ።"

አባቴ በአንድ ቀን እንዲህ ብዙ ሲያወራ ያን ዕለት ነው ያየሁት። በተጋቡ በአራተኛው ወር፣ በመጀመሪያው ዝናብ፣ ከግንቡ ቀዳዳዎች ጭቃ የቀላቀለ ውሃ እየተረጨ የእማዬን ነጭ ልብስ ሁሉ ቡኒ አደረገው። ክሊኒኩ ሃያ ጋዋን መለሰባት። እንደገና አጠበች፤ እንደገና ተረጨ። በሦስተኛው ቀን ባልዲው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። "እኔ እዚህ ግንብ ሥር አልኖርም!" አለች። በማግሥቱ አባዬ ቀዳዳዎቹን ደፈናቸው። ጨርቅ ጠቀጠቀባቸውና በላዩ ሲሚንቶ መረገ። ሥራ አዋቂ አይደል? አሳምሮ ስለለሰነው፣ ሻጋታ ሲወርሰው ማንም አይለየውም። አሥራ ሁለት ቀዳዳ ደፈነ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለካቸው አሥራ ሁለት ቦታዎች እነዚያው ናቸው።

"ስድስተኛውን ውሃው ራሱ ገፍቶ አወጣው" አለኝ። "እናትሽ ባልዲ ስላደረገችበት ተውኩት።"

"ውሃ መውጫ ሲያጣ ምን እንደሚሆን አታውቅም ነበር?"

"አውቃለሁ። ለዚያ አንድ ዝናብ ብቻ ነበር ያልኩት። ዝናቡ ሲያልፍ እከፍተዋለሁ ብዬ። ከዚያ አንቺ ተወለድሽ። ስለካው አራት ሚሊ ብቻ ነው የሄደው፤ አራት ሚሊ ምን አላት? በሁለተኛውም ዓመት እንደዚያው። ኋላማ እከፍታለሁ ብል 'ማን ደፈነው?' ይባላል። መለካት ብቻ ሆነ ሥራዬ።"

እንግዲህ ያ ሁሉ ቅዳሜ የሥራ ፍቅር አልነበረም። እኔ የምቀልድበት ሰውዬ በየሳምንቱ ጥፋቱን በማስመሪያ እየለካ ይመለስ ነበር። ላቅፈውም፣ ልጮህበትም ፈለግሁ። ጮህኩበት።

"ታዲያ ለኢንጂነሯ ለምን አትነግራትም? ሰውዬው ደጁ ላይ ተሰብሮ ተቀምጧል እኮ! ጓደኛህ አይደለም?"

"እናትሽስ?" አለኝ። "'በእኔ ልብስ የተነሳ ነው' ብላ ትይዘዋለች። አታውቂያትም? ሰው ብርጭቆ ሲሰብር እንኳ 'እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኩት' የምትል ሴት ናት። አንድ ቀን ብቻ አለቀሰች፤ ለዚያ አንድ ቀን እስክትሞት ልትቀጣ ነው? ተይው ሚሊ። ዝም አይነቅዝም።"

"አይነቅዝም!" አልኩት። "ያብጣል! ዞረህ እየው፤ ዝም ያልከው ነገር ይኸው ሆዱን ነፍቶ መጥቶልሃል!"

ዞሮ አየው። ከዚያ ክሩን ጠቅልሎ ወደ ቤት ወረደ። ሰኞን እንዲሁ ዋለ፤ እማዬ "አሞሃል?" ትለዋለች፣ "ደህና ነኝ" ይላል። ሆድ ይፍጀው ማለት እንደ አባቴ የተዋጣለት ሰው አላየሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ኢንጂነሯ ሪፖርቷንና ሁለት ሠራተኞችን ይዛ መጣች። ሠራተኞቹ ረጅም ብረት እየሰረሰሩ ወደ አፈሩ ለማስገባት ነው። ጋሽ ሮሎ ሸሚዙን ዛሬም እስከ አንገቱ ቆልፎታል፤ እስክሪብቶ ከቤቱ ይዞ መጥቷል። እማዬ አንሶላ ታሰጣለች። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጋሽ ሮሎ ጎንበስ ሲል አባዬ ከቤት ወጣ። በአንድ ብብቱ የደብተር ክምር፣ በሌላ እጁ መዶሻና መሮ ይዟል።

"ቆይ" አለ። "አትፈርም።"

"ሃ?" አለ ጋሽ ሮሎ።

"አትፈርም!" አባቴ ጮኾ ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሳቸው። "ልጄ፣ አንቺ ቁጥር ታነቢያለሽ። ይህ ሰው ሮሎውን የነዳው ከዳር እስከ ዳር ነው። እሱ ገፍቶት ቢሆን ኖሮ ከዳር እስከ ዳር በሄደ ነበር፤ ያውም ገና ያኔ። ነጥብ ስድስትን እዪው።"

ኢንጂነሯ ገለጠች። ነጥብ አምስት፣ መቶ አርባ ሚሊ ወጥቷል። ነጥብ ሰባት፣ መቶ ሠላሳ ስምንት። በመካከላቸው ያለው ነጥብ ስድስት በሠላሳ አንድ ዓመት ሃያ ሚሊ እንኳ አልሞላም። ወደ ባልዲው ዞረች። ባልዲው ያለው በትክክል እዚያ ላይ ነው።

"ቀዳዳ ያለው እዚህ ብቻ ነው…" አለች ቀስ ብላ።

"ሌላውም ሁሉ ቀዳዳ አለው። የደፈንኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ስትጠይቂኝ 'ያው የምታዪው ነው' አልኩሽ፤ አልዋሸሁሽም፣ እውነቱንም አልነገርኩሽም። ጥፋቱ የሮሎው አይደለም። የኔ ነው።"

እማዬ በአፏ የያዘችውን የልብስ መቆንጠጫ አላወጣችም። አባዬ እሷን ላለማየት ፈጠን ብሎ ወደ ግንቡ ሄደ፤ የዳበሰውን ቦታ አላጣውም። መሮውን ደገነና መታ። ሦስት ጊዜ ሲመታው ሲሚንቶው ተፈረከሰ፤ የተጣጠፈ ጨርቅ ብቅ አለ። ሲስበው ከኋላው የጭቃ ውሃ እንደ ቧንቧ ተወርውሮ ወጣና የእማዬን አንሶላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡኒ አደረገው። ማንም አልተነቃነቀም። ሠራተኞቹ ቀጠሉ፤ አንድ በአንድ ሁሉም ተከፈተ። ግቢው ኩሬ ሆነ፣ ኢንጂነሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ ትስቃለች፤ ምክንያቱ ተገኝቶላታልና።

እማዬ የወጡትን ጨርቆች ከጭቃው ላይ እየለቀመች፣ አንድ ባንድ እየዘረጋች፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ከዚያ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች።

"አሥራ አንድ" አለች።

"ስድስተኛውን ውሃው ወስዶታል" አለ አባዬ፣ አሁንም ሳያያት።

"ውሃ?" አለች። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ቤት ገባች። የሳጥን ክዳን ሲከፈት ሰማን። ስትመለስ በሁለት እጇ የያዘችው በካውያ የተተኮሰ፣ በአራት የታጠፈ ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ ሰማያዊ የሸሚዝ እጅጌ ጫፍ፣ ከነአዝራሩ። አዝራሩ በቀይ ክር የተሰፋ ነው።

"ሰማያዊ ክር አጥቼ በቀይ የሰፋሁት ነው" አለች። "ለጋብቻ ስንፈራረም የለበስከው ሸሚዝ። ሲሚንቶው ሳስቶ ረግፎ ኖሮ፣ ልብስ ሳሰጣ አዝራሩ ከግንቡ ውስጥ ሲያየኝ አየሁት። ጎትቼ አወጣሁት። ለሌላው ግድ የለኝም፤ ይህን ግን ለጭቃ አልሰጥም።"

"ታውቂ ነበር?"

"እኔ አጣቢ ነኝ አይደል እንዴ? ሦስት ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ በአንድ ሳምንት ባለ አጭር እጅጌ ሲሆን የማላይ መስሎህ ነው? 'ሞቀኝ' አልከኝ። በዝናብ!"

መጀመሪያ የሳቀው ጋሽ ሮሎ ነው። እኔ ግን መሳቅም አልቻልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እሷ ቀዳዳው መደፈኑን ታውቃለች፤ ለእሷ ብሎ ስላደረገው እንዳያፍር ዝም አለች። እሱ ግንቡ ማበጡን ያውቃል፤ እንዳትጸጸት ዝም አለ። እሷ የግንብ ነገር አታውቅ፣ እሱ ማወቋን አያውቅ። አንዳቸው አንድ ቀን፣ ሻይ ሲጠጡ፣ አፋቸውን ቢከፍቱ ይህ ሁሉ ባልሆነ! ይህንኑ በጩኸት ተናገርኩ። ሁለቱም ልክ እንደ ተማሪዎቼ አቀርቅረው ሰሙኝ።

"እትዬ" አለች ኢንጂነሯ፣ አዝራሩን እያየች፣ "ይህን ባያወጡት ኖሮ ግንቡ እስከ ዛሬ አይቆምም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተነፈሰው ይህ አንድ ቀዳዳ ነው።"

አባዬ ወደ ጋሽ ሮሎ ሄደ። ይቅርታ ጠየቀው፤ ግን የለመደበት ዝግ ያለ ድምፅ ነውና ጋሽ ሮሎ ጆሮውን አስጠጋ። እንደገና ጠየቀው።

"አሁን ሰማሁ" አለ ጋሽ ሮሎ። "በአንድ ጆሮዬ ስለሆነ የሰማሁት በግማሹ እቀየምሃለሁ። ግማሹን ትቼልሃለሁ።" ከዚያ እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ አባቴን አቀፈው። ሁለቱም ሽማግሌዎች ጭቃ ውስጥ ቆመው ብዙ ቆዩ።

ጥገናው ሁለት ወር ፈጀ። ኢንጂነሯ የጻፈችውን ቀድዳ እንደ አዲስ ጀመረች። ውሃ ከኋላው እያለ ብረት ብቻውን አያቆመውም ብላ መጀመሪያ ውሃው እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ወደ አፈሩ ስድስት ሜትር የሚገቡ፣ ጎናቸው የተበሳሳ ቧንቧዎች አስገባች፤ ውሃውን እንጂ አፈሩን ይዘው እንዳይወጡ በማጣሪያ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ወደ ውጭ ትንሽ አዘንብላ። ከላይ የመንገዱ ቦይ ተሰንጥቆ ውሃ የሚያስገባበትን አስደፈነች። ሁለቱ ሆዶች ላይ ረጃጅም ብረት ሰረሰረችና ቀጭን ሲሚንቶ ሞልታ ከውጭ በብረት ሳህን አሰረችው። የላይኛው ሁለት ረድፍ ተነስቶ፣ ንጹሕ ጠጠር ተሞልቶ፣ መረቡ እንደ አዲስ ተወጠረ፤ መረቡን ካልሳብኩ ብሎ አባዬ አስቸግሮ ሳበ። ጋሽ ሮሎ ደግሞ ከጠርዙ አንድ ሜትር ተኩል ላይ በኖራ ነጭ መስመር አሰመረና መስመሩ ላይ ቆመ። የመጠቅጠቂያ መኪናው ወደ መስመሩ በተጠጋ ቁጥር ሹፌሩ ላይ ይጮህበት ነበር። ደስታው ተመልሷል።

"ሆዱስ ይገባል?" ብዬ ኢንጂነሯን ጠየቅኋት።

"አይገባም" አለችኝ። "የሄደ አይመለስም። ከእንግዲህ ግን አይጨምርም።"

ከግንቡ ሥር ቦይ ተሠራ፤ የልብሱ ገመድ ሁለት እርምጃ ወደ ቤቱ ቀረበ። ይኸው ነው፤ ሁለት እርምጃ ነበር ነገሩ ሁሉ።

የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ አሥራ ሁለቱም ቀዳዳዎች ቦዩ ውስጥ ፈሰሱ። አባዬ ቅዳሜ ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን አጥቦ፣ ክሩን ለቀቀ። ሲጨርስ ደብተሩ ላይ አሥራ ሁለት ዜሮ ጻፈ። ከዚያ ያልለመደውን አደረገ፤ በርጩማ ጎትቶ ከገመዱ ሥር እማዬ አጠገብ ተቀመጠ።

"ሌላም የደበቅሁሽ አለ" አላት።

"ባለ አበባውን ብርጭቆ የሰበርከው አንተ ነህ፤ አውቃለሁ።"

"እሱም አለ። ሌላ ነው።" ክሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመ። "ያን ቀን ባልዲው ላይ ተቀምጠሽ 'አልኖርም' ስትዪ… የደፈንኩት ለልብሱ ብዬ አልነበረም። ልብሱን በሌላ ቦታ ማስጣት እንደሚቻል አጥቼው አይደለም። ትተሽኝ የምትሄጂ መስሎኝ ነው። ፈርቼ ነበር።"

እማዬ የያዘችውን አንሶላ እንደያዘች ቆመች። የአባቴን ሸሚዝ ሁሉ እጅጌ በእጅጌ የምታውቅ ሴት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሁሉን አውቃ ዝም ያለች ሴት፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አየችው።

"ይህንን" አለች፣ "ይህንን ግን አላወቅሁም።"